የዳማ ሆድና የአሳማው ብልቃጥ

በዕድሜዬ ሙሉ በአደባባይ እልል ያልሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሠርጌ አይደለም፤ ያን ዕለት ከንፈሬ ደርቆ ነበር። በጥምቀትም አይደለም፤ ለጥምቀት እናቴ ለቤተሰቡ ሁሉ ትበቃ ነበር። እኔ እልል ያልሁት በደርግ ዘመን፣ በአብዮት በዓል ቀን፣ ጎንደር ላይ፣ ባለሥልጣናቱ ከተቀመጡበት መድረክ ፊት ለፊት ነው። የሰማኝ ሁሉ ለአብዮቱ መስሎት ነበር። ዛሬ በዚህ የሚያስረኝ ስለሌለ እውነቱን ልንገራችሁ።

ያኔ ከበረዶ አገር ተምሬ ከተመለስሁ ዓመት ያልሞላኝ የእንስሳት ሐኪም ነበርሁ። ስሜ የሺ ነው። መሥሪያ ቤት «ጓድ ዶክተር» ይለኛል፤ ገበሬው «የከብት ሐኪሟ» ይለኛል። አባቴ ደግሞ ልጅህ ምን ተማረች ሲባል «ሕክምና» ብሎ ዝም ይላል። የማንን ሕክምና እንደሆነ ካልጠየቁት አይናገርም፤ ከጠየቁትም ጆሮው ይደክማል።

እኔ ግን በሙያዬ ኮርቼ ነበር። በተማርሁበት አገር የፈረስ ሆድ ቀዶ የሚያክም መምህር ነበረኝ፤ ከሱ እግር ሥር ሆኜ ነው እጄን ያፍታታሁት። ሽማግሌው ሁልጊዜ እንዲህ ይለን ነበር፦ «የፈረስ ሆድ ስትከፍቱ ሁለት ጠላት አለባችሁ። አንዱ በሽታው ነው። ሁለተኛው መዳኑ ነው።» ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ አይደለም። የፈረስ አንጀት አንዴ የሰው እጅ ከነካው፣ ቁስሉ ሲድን አንዱ ካንዱ ይጣበቃል። ከቢላዋ የተረፈ ፈረስ ከሳምንታት በኋላ እዚያው የተጣበቀበት ቦታ አንጀቱ ታንቆ ይሞታል። እየዳነ ይሞታል ማለት ነው።

ስንለያይ መምህሬ ጥቂት ትንንሽ ብልቃጦች በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሄፓሪን ይባላል። «ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ አንጀትም እንዳይጣበቅ ይረዳል እንላለን» አለኝ። «ለሰው እናውቀዋለን። ለፈረስ ግን ገና እየተማርን ስለሆነ ተጠንቀቂ።» እኔ ከዚህ ሁሉ ቃል ይዤ የመጣሁት «ይረዳል» የምትለዋን ብቻ ነበር። ወጣት ስትሆኑ ሻንጣ ይጠባል፤ ሁሉ አይያዝም።

አሁን ወደ ፈረሱ ልምጣ። ዳማ የሚባል የወገራ ፈረስ ነው፤ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት። ባለቤቱ አያ ውብነህ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከፈረሳቸው ጋር የሚያወሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። በየዓመቱ ለጥምቀት የደብራቸው የማርያም ታቦት ስትወጣ ከፊት ከፊት የሚሰግረው ዳማ ነው። አንድ ዓመት የአውራጃው ካድሬ ጓድ ታምራት እዚያ ጥምቀት ላይ ተገኘ። ለጸጥታ ቁጥጥር ነው የመጣሁት ይላል። ጸጥታውን ሲቆጣጠር ዓይኑ ዳማ ላይ ዐረፈ። ለአብዮት በዓል የገበሬውን ሰልፍ የሚመራ ፈረስ ይኼ ነው፣ ባንዲራ ይዤ የምቀመጥበትም እኔ ነኝ ብሎ ወሰነ። ስሙንም ከፈረሱ ጋር ወደ በላይ አካል አስተላለፈ።

እናም በዓሉ ሲቃረብ ዳማና አያ ውብነህ ወደ ጎንደር መጥተው ከከተማው ዳር ካለው የእኛ ክሊኒክ ግቢ ዐረፉ። ጓድ ታምራት ፈረሱን ዞር ብሎ አየና «ሰፊውን ሕዝብ የሚመራ ፈረስ የጎድን አጥንቱ ሊቆጠር አይገባም» አለ። ሽምብራ በጆንያ አስመጣ። አያ ውብነህም ፈረሳቸው እንዲህ ሲከበር ደስ ብሏቸው በላዩ እፍኝ እፍኝ ጨመሩበት። እኔ ጠዳ ወደሚባል ቦታ ከብት ልከትብ ሄጄ ነበር። ስመለስ ጆንያው ባዶ፣ ዳማም ላብ በላብ ሆኖ መሬት ላይ እየተንከባለለ አገኘሁት። ለበዓሉ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

እጄን እስከ ክንዴ ድረስ አስገብቼ መረመርሁት። አንጀቱ ተነፍቶ ተጠምዝዟል።

«አያ ውብነህ፣ ሆዱ ካልተከፈተ እስከ ማታ ይሞታል» አልኋቸው።

«ተከፍቶስ?»

«ላይሞት ይችላል።»

የዳማን ግንባር ዳበሱት። «ሸጋ። እንግዲያ ምን ታስቆሚኛለሽ ልጄ? ክፈችው።»

ጓድ ታምራት ወደ ጎን ሳበኝ። «ጓድ ዶክተር፣ ከበዓሉ በፊት ይህ ፈረስ ቢሞት ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።»

«ምን ይባላል?»

«አሻጥር ይባላላ።»

ያቺን ቃል የማታውቁ ብፁዓን ናችሁ። የሠፈራችን የወፍጮ ባለቤት የወፍጮው ቀበቶ በመበጠሱ አሻጥረኛ ተብሎ ታስሮ ክረምቱን እዚያው ከርሟል። ስለ ሽምብራው ጉዳይ ለመጠየቅ አፌን ከፈትሁ። ከዚያ የወፍጮው ሰውዬ ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት።

ግቢው ውስጥ ጭድ ጎዝጉዘን፣ በነፋሱ በኩል ሸራ ወጥረን ዳማን በመድኃኒት አስተኛነው። የክሊኒካችን ሠራተኛ አቶ ዘለቀ ጭንቅላቱን ይዞ አተነፋፈሱን ይከታተላል። አያ ውብነህ ከጎኑ ተንበርክከው የማርያምን ስም ይጠራሉ። ጓድ ታምራት ሸራውን ደግፎ ቆሟል። ጨው የገባበት የፈላ ውሃ በየባልዲው ይቀዘቅዛል። ሆዱን ከፈትሁ። አንጀቱ ወይን ጠጅ መስሎ ወጣ። በስቼ አየሩን አስተነፈስሁት፣ ሰፋሁት፣ የተጠመዘዘውን ፈታሁት። ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ መመለስ ጀመረ፤ የኔም እንዲሁ።

አሁን የቀረው ሁለተኛው ጠላት ነው።

«ዘለቀ፣ ከቦርሳዬ ያቺን ትንሽ ብልቃጥ» አልሁ።

«እጄ ተይዟል ዶክተር።»

«እኔ አለሁ!» አለ ጓድ ታምራት። ብልቃጧን አወጣ፤ ግን አላቀበለኝም። እሱም እዚያው እኔ የተማርሁበት አገር ለፖለቲካ ትምህርት ስድስት ወር ከርሞ ነበርና ቋንቋውን ማሳየት ይወድዳል። ጽሑፉን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለሰፊው ሕዝብ እየተረጎመ ያነብ ጀመር።

«ሄ–ፓ–ሪን። ይህ ስሙ ነው። ቀጥሎ... ከ... ከአሳማ... አንጀት... የተዘጋጀ!»

የመጨረሻዋን ቃል በድል አድራጊነት ነበር ያላት። 

አያ ውብነህ ቀና አሉ። ከድንጋጤያቸው የተነሣ «ጓድ» ማለቱንም ረሱት። «ምን አልህ አንት ልጅ?»

ጓድ ታምራት ያደረገው አሁን ገባው። «የውጭ አገር አሳማ ነው አያ ውብነህ» አለ፤ የሚያቀልለው መስሎት ነው።

ሽማግሌው ተነሥተው በእኔና በፈረሳቸው መካከል ቆሙ። የዳማ አንጀት በእጄ ላይ ነው። «ልጄ፣ ይህ ፈረስ በታቦት ፊት የሚሄድ ነው። እኔን አሳማ ብታበይኝ ንስሐ እገባለሁ። ለሱ ማን ንስሐ ይገባለታል?»

 በአምስት ዓመት ትምህርቴ ይህ ጥያቄ ለፈተና አልቀረበም።

ጓድ ታምራት ግን መልስ ነበረው። ደረቱን ነፋ። «አያ ውብነህ፣ ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው! ሳይንስ አሳማና በግ አይለይም! ጓድ ዶክተር፣ ቀጥይ!» ብሎ አዘዘ። አዝዞም በፈረሱ ጀርባ ዞሮ መጣና ጆሮዬ ሥር ቁጢጥ አለ። «የሺ» አለኝ፤ ጓድም ዶክተርም የለም። «ሌላ መድኃኒት የለሽም?»

«ምነው? ሳይንስ አይለይም አላልህም?»

«ኮርቻው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ እኮ! እናቴ እዚሁ ኮላ ድባ ነው የምትኖረው። አሳማ ያለበት ፈረስ ላይ ወጣ ተብሎ ከተነገራት ደጇን አታስረግጠኝም።»

በዚህ መሐል አያ ውብነህ መላ አገኙ። «ተልባ ምን ሆነ? ተልባ ያሙለጨልጫል። ቅል ሙሉ አፍስሽበት፤ አንጀት ከአንጀት በምን ይያያዛል?»

የጓድ ታምራት ፊት በራ። «በራስ ኃይል መተማመን! ትክክል! የአገር ውስጥ ምርት!» ብሎ ብድግ አለ። ያንን ሽማግሌና ያንን ካድሬ ሃይማኖትም አብዮትም አላስማማቸውም ነበር። ተልባ አስማማቸው። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ይባላል፤ ያን ቀን ግን ሙቀጫ ውስጥ የገባሁት እኔ ነበርሁ። ወዲያው ከአቶ ዘለቀ ቤት የተወቀጠ ተልባ በውሃ ተበጥብጦ በጆግ መጣ። ሁለቱም ግራና ቀኝ ቆመው አፍስሺ እያሉ ይጠብቁኛል።

«ይህ ወደ ተከፈተ ሆድ ከገባ ይመግላል። ትቀብሩታላችሁ» አልሁ።

«ምነው? የምንበላው ነገር አይደለም?» አሉ አያ ውብነህ።

«የምንበላው ሁሉ በቁስል አይገባም አያ ውብነህ። በርበሬም እንበላለን።»

ይህ ገባቸው። ጆጉን አስቀመጡት። ወደ ብልቃጧ ዞርሁ። ልንገራችሁ፤ ያን ሰዓት በሁለቱም ላይ ተናድጄ ነበር፤ በንዴት ብቻ ሄፓሪኑን ላስገባው ምንም አልቀረኝም። ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መድኃኒቱ ከምን እንደተሠራ ተጨንቋል። ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ዝቅ ብዬ ስፌቱን አየሁት። ደም ያዣል። ጥቂት ነው፤ ግን አላቆመም። እኔ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር፣ ለፈረስ ልኩ ገና በቅጡ ያልታወቀ ነገር፣ እዚያ ላይ ልጨምር ነው። «ተጠንቀቂ» ያለችው የመምህሬ ቃል ያኔ ከሻንጣው ወጣች።

«መልሳት» አልሁት ጓድ ታምራትን። «ወደ ቦርሳዬ መልሳት።»

አንጀቱን በዚያው በጨው ውሃ ብቻ ደጋግሜ አጠብሁት። እጄን እያረጠብሁ፣ ሕፃን እንደማስተኛ ቀስ ብዬ ወደ ቦታው መለስሁና ሆዱን ሰፋሁት።

«ሃይማኖት ያለሽ ልጅ ነሽ፤ እመብርሃን ታክብርሽ» አሉኝ አያ ውብነህ።

«ብልህ ነሽ» አለኝ ጓድ ታምራት፣ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ፈርቼ ነው።

ዳማ እየተንገዳገደ ቆመ። «ከእንግዲህ መድኃኒቱ እግሩ ነው» አልኋቸው። «እሱ ከቆመ አንጀቱ ይቆማል፤ የቆመ አንጀት ይጣበቃል። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ ቀስ እያለ ይሂድ። ፋንድያ ከጣለ አንጀቱ ሠርቷል ማለት ነው። ካልጣለ...» አልጨረስሁትም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሰው ቢያየን ኖሮ ምን ባለ! የአውራጃው ካድሬ በሙሉ ልብሱ ፈረስ እየጎተተ ግቢውን ይዞራል፤ እየዞረም የበዓሉን ንግግር ለዳማ ያነብለታል። አያ ውብነህ ሲረከቡት ደግሞ ውዳሴ ማርያም ይደግሙለታል። ፈረሱ ሁለቱንም በእኩል ትዕግሥት ያዳምጣል። እኔ ጭራውን ብቻ አያለሁ። ምንም የለም። ጓድ ታምራት ጠዋት ሲገባ አብዮታዊ ሰላምታውን ትቶ «ጣለ?» ማለት ጀመረ። አልጣለም። በማግስቱም አልጣለም።

ለወራት ሰው እንደማይጫንበትም መንገር ነበረብኝ። ጓድ ታምራት ጭንቅላቱን ያዘ። «ስሜ ተላልፏል እኮ! ፈረሱ ይሰለፋል ተብሏል!»

«ይሰለፋ። መሄድ መድኃኒቱ ነው። ግን አንተም በእግርህ ነህ።»

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ጆሮዬን ዳማ ሆድ ላይ አደረግሁ። ከሩቅ የሚሰማ ነገር አለ፤ ግን ደካማ ነው። ዓይኑ ፈዟል። መጣበቅ ጀምሮ ይሆን? ቦርሳዬን ከፍቼ ብልቃጧን አወጣሁ። ካስገባኋት ምናልባት ትረዳው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ዛሬ ሰልፉ መሐል ሆዱ ውስጥ ደም ፈስሶት ይወድቃል፤ እኔም የወፍጮው ሰውዬ ወደታሰረበት እሄዳለሁ።

አያ ውብነህ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ያችን ነገር አወጣሻት?»

«አወጣኋት።»

 ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። «ታድነዋለች የምትይ ከሆነ አግቢበት። እኔ አላየሁም። በታቦቷ ፊት መሄዱ ይቅርበት፤ ከዳር ቆሞ ያያል። ብቻ ይኑርልኝ።»

 አንጀቴን በሉት። እኒያ ሰው በዚያች ደቂቃ የሰጡኝን የሚያህል ሥልጣን ከዚያ በኋላ ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም። እውነቱን ከመናገር ሌላ የምሰጣቸው አልነበረኝም።

«ታድነው እንደሆነ አላውቅም አያ ውብነህ። ትገድለውም እንደሆነ አላውቅም።»

ወደኔ ዞሩ። «እንግዲያ ምነው ያዝሻት?»

መልሼ ከተትኋት። ልጓሙን ያዝንና ወጣን።

የዳማ ሆድ በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሟል። አዘጋጆቹ ፋሻው ለበዓል አያምርም ብለው ጀርባው ላይ እስከ ዳሌው የሚደርስ ቀይ ጨርቅ ደረቡለት። «ወደፊት!» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ሲለብሰው ጽሑፉ ከጭራው በላይ ዋለ። ጓድ ታምራት ባንዲራ ይዞ በአንድ በኩል፣ አያ ውብነህ ልጓም ይዘው በሌላው፣ እኔ ከኋላ። ፒያሳን አልፈን፣ በከበሮውና በጥሩምባው መሐል፣ ቀስ እያልን ወደ አደባባዩ ደረስን። የገበሬው ሰልፍ ሁሉ በበሽተኛ እርምጃ ይከተለናል። በኋላ «ግርማ የተሞላበት» ተብሎ ተመሰገነ።

ልክ መድረኩ ፊት ስንደርስ ዳማ ቆመ።

አያ ውብነህ ሳቡት። አልሄደም። ጓድ ታምራት በከንፈሩ ጥግ «በናትህ፣ በናትህ» ይለዋል። ሰልፉ ከኋላችን ተጨናነቀ። ጥሩምባው አቆመ። ከመድረኩ ላይ ያሉት ሁሉ ወደታች ይመለከታሉ። ሊወድቅ ነው አልሁ በልቤ፤ አለቀ።

ጭራው ተነሣ። «ወደፊት!» የሚለው ቀይ ጨርቅ አብሮ ተነሣ። ከዚያም በዚያ ሁሉ ባለሥልጣን ፊት፣ ድቡልቡል፣ እንፋሎት ያለው፣ ጤነኛ ፋንድያ መሬት ላይ ዱብ ዱብ አለ።

 የጓድ ታምራት ፊት አመድ መሰለ። እኔ ግን መድረክም ባለሥልጣንም አልታየኝም። አንጀቱ ሠርቷል! እልልልል አልሁ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የእናቴ ድምፅ ነው የወጣው። ከጀርባ ያሉት የሴቶች ማኅበር አባላት የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ተቀበሉኝ። ከበሮው ተመታ። አያ ውብነህ እዚያው ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። መድረኩ ላይ አንዱ ትልቅ ሰው በገበሬው አብዮታዊ ስሜት ተነክቶ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ምን ምርጫ አላቸው፣ ተከተሉት። ጓድ ታምራት ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ወደኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። «ጣለ!» አለኝ።

ዳማ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረ። በዚያው ዓመት ጥምቀት፣ ገና ሳይጫን፣ በልጓም እየተመራ ከታቦቷ ፊት ሄደ። ጓድ ታምራትም ነበረ፤ ለጸጥታ። ያን ጊዜ እንኳ ዳማን ማን አዳነው ቢባል መልሱ ብዙ ነበር። አያ ውብነህ ማርያም ይላሉ። ጓድ ታምራት በሪፖርቱ የሰፊው ሕዝብ ትብብር ብሏል። አቶ ዘለቀ ደግሞ ተልባው ነው እያለ ለየመጣው ገበሬ እንዳያወራ ስከላከል ኖሬአለሁ፤ አንዲት ጠብታ እንዳልገባች እያወቀ!

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህን ያህል ያወራኋችሁ ስለ ፋንድያ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ያ መድኃኒት በፈረስ ላይ ሲሰጥ የደም ሕዋሳትን እርስ በርስ ሊያያይዝና ደም ሊያሳንስ እንደሚችል፣ ልኩን ማወቅና መጠንቀቅ እንደሚያሻ ተማርሁ። በልኩ የተጠቀሙበት ሐኪሞችም አሉ። ንጹሕ ሆኖ የተሠራ፣ እንደ ተልባ የሚያሙለጨልጭ፣ ሆድ ውስጥ የሚፈስስ ፈሳሽም መጣ ሲሉኝ ብቻዬን ስቄአለሁ። ብልቃጧ ዳማን ታድነው ነበር ወይስ ትገድለው ነበር? ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን በእጄ መድኃኒት ሲገባ የአያ ውብነህ ድምፅ ይመጣብኛል፤ «እንግዲያ ምነው ያዝሻት?» ይለኛል። መልስ ካለኝ እሰጣለሁ። ከሌለኝ እመልሳለሁ። አለቆቼ ፈሪ ይሉኝ ነበር፤ በሽተኞቼ አልተናገሩም።

ዳማ አርጅቶ በሞተ ጊዜ ለቅሶ ለመድረስ ወገራ ሄድሁ። ሰው ለፈረስ ለቅሶ ይሄዳል ወይ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። አያ ውብነህ ከደጃቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ጠዋት አግቢበት ማለቴን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለነፍስ አባቴም አልነገርሁ።» ባዶውን ጋጣ እያዩ ፈገግ አሉ። «አንችስ ያን ዕለት እልል ያልሽው ለምን እንደሆነ ተናገርሽ?»

«ኧረ አልተናገርሁም!»

«ሸጋ» አሉ። «እንግዲያ ተጠባብቀናል።»